ጋሽ ሆርዶፋ ጥይት ሲመርጡልኝ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖር ሐበሻ ሁሉ አንድ መራጭ አለው። ሳትጠይቀው መኪናህን፣ ፍራሽህን፣ የጥርስ ሐኪምህንና የልጅህን ትምህርት ቤት የሚመርጥልህ ሰው ማለቴ ነው። እኔ የለኝም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። እጁን ያወጣው ሰው መራጩ ራሱ ነው፤ ልቀቁት።

የእኔው መራጭ ክቡር ጋሽ ሆርዶፋ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነው። ብሉሚንግተን ካለ ሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳሉ፤ መንገደኛው እስኪመጣ ስልካቸው ላይ ዩቲዩብ ያያሉ። በዚሁ መንገድ የቤት ጣሪያ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የንብ ርባታና የመኪና ትራንስሚሽን ሊቅ ሆነዋል። ማንኛውንም ፍርድ የሚዘጉት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እኔ የምልህን ስማ፤ በኋላ ሆርዶፋ አልነገረኝም እንዳትል።»

ቡርንስቪል ፍራሽ ልንገዛ ስንሄድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ኮፍያቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ ለሙከራ ሃያ ደቂቃ ተኝተዋል። አንኮራፍተዋልም። መኪና ስገዛ ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ደቅነው «ይቺ መኪና ልቧ አዝኗል» ብለው ከአንዲት ደህና መኪና አስቀሩኝ። እሳቸው የመረጡልኝ መኪና የኋላ በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ብነግራቸው «ልጆች ዘለው አይወርዱብህም» አሉኝ። ልጅ የለኝም።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ። ጠመንጃዬ ላይ ሲመጡ ግን ትዕግስቴ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሙሊሳ ባዋሰኝ ጠመንጃ ሦስት መኸር አጋዘን አድኛለሁ። ዘንድሮ ሙሊሳ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቴክሳስ ሄደ። በዚያው ሰሞን የኤልክ ዕጣ ወጣልኝ። ኤልክ የአጋዘን ዘመድ ነው፤ ቁመቱ ግን የፈረስ ያህል ነው። ፈቃዱ በዕጣ ነው የሚሰጠው፤ ለእኔ የወጣው ዓይነት ደግሞ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘንድሮ ካመለጠኝ አለቀ። ባለቤቴ ፋና ወሬውን ስትሰማ አንድ ጣቷን ቀስራ «አንድ ጠመንጃ» አለችኝ። «አንድ! ለአጋዘኑም ለኤልኩም ለሚመጣውም አውሬ ሁሉ። ቤቴን የጦር ግምጃ ቤት አታደርግብኝም።»

አንድ ጠመንጃ የሚተኩሰው የራሱን ዓይነት ጥይት ብቻ ነው፤ አጋዘኑን የማያበጣጥስ፣ ለኤልኩም የማያንስ አንድ ጥይት መምረጥ ነበረብኝ ማለት ነው። ይህ በራሱ በቂ ጭንቀት ነበር። ከዚህ ሌላ ለማንም ያልነገርኩት ጭንቀት ነበረኝ። በግንቦት ኩን ራፒድስ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ወፍራም አዛውንት ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳሻግር ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ብሏል። ለአለቃዬ ብናገር ሥራ ይቀንሱብኛል። ለፋና ብናገር አደኑ ቀረ። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ጠመንጃ የተኮሰ ሰው ያውቀዋል፤ ትልቅ ጥይት ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻን ይራገጣል። ትከሻው የታመመ ሰው ገና ቃታውን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን ጨፍኖ የተኮሰ ደግሞ እንስሳውን አቁስሎ ጫካ ይሰደዋል። በሕይወቴ አንዴ የወጣልኝ ዕጣ እንዲህ ሆኖ እንዳያልቅ ቀን ከሌት እጨነቅ ነበር።

ክቡርነታቸው ወሬውን በሰሙ በሁለተኛው ቀን ደወሉ።

«ኤልክ ቀልድ አይደለም አክሊሉ። ስሪ ሀንድረድ ማግነም የሚተኩስ ጠመንጃ ነው የምትገዛው።»

«ጋሼ፣ ለአጋዘን አይበዛም?»

«ለአጋዘን ከበዛ አጋዘኑ ይጨነቅበት። እኔ የምልህን ስማ።»

የማግነሙን ጥይት ሱቅ ሄጄ አየሁት። ከሌባ ጣቴ ይረዝማል። ገና ሳየው ትከሻዬ ጠዘጠዘኝ። ግን ምን ልበል? «ያመኛል» ልበል? ወንድ ልጅ ነኝና «ጥሩ ነው» አልኩ። በሥራ ቦታም ማግነም ልገዛ ነው ብዬ አወራሁ።

በሰኔ የወር ማኅበራችን ተራው የእኔ ነበር። ቤቱ ሞልቷል፤ ጋሽ ሆርዶፋ ከአጠገቤ ተቀምጠዋል። ላጎርሳቸው ጠቅልዬ ቀኝ እጄን ሳነሳ ክንዴ ከደረቴ አልፎ አልሄድም አለ። ጉርሻው በእጄ ነው፤ ሰው ሁሉ ያያል። ምን ላድርግ? ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና አጎረስኳቸው። በግራ እጅ! ትልቅ ሰው! ፋና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። አንዷ ማኅበርተኛ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት የማያጡት ጋሽ ሆርዶፋ ግን አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ፤ አላምጠው ዋጡ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እግዜር አተረፈኝ ብዬ ነገሩን ረሳሁት።

በማግስቱ ገና ቁርስ ሳልበላ ስልኬ ጮኸ።

«ማግነሙን ተወው።»

«ለምን?»

«ሥጋ ያበላሻል። ሪሰርች አድርጌ ነው። ግማሹን ኤልክ ሐምበርገር አድርጎ ነው የሚጥልልህ። ሰርቲ ኦት ሲክስ ግዛ።»

እሺ ብዬ ሐምሌ ላይ ሰርቲ ኦት ሲክስ ልገዛ ወጣሁ። መኪናዬን ሱቁ በር ላይ ሳቆም ደወሉ።

«የት ነህ?»

«ልገዛ ነው ጋሼ፣ ያሉኝን።»

«ሰርቲ ኦት ሲክስ? መቶ ዓመት ያለፈው ጥይት እኮ ነው! ሙዚየም ልትከፍት ነው?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ግዛ ያሉኝ?»

«ያኔ ነዋ። ስሪ ኦ ኤይት ነው አሁን። ጠመንጃው አጠር ያለ ነው፣ ለመሸከም አይከብድም። ተመለስ።»

ተመለስኩ። አዎ፣ ተመለስኩ! እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አርባ ሁለት ዓመት የሞላኝ ባለትዳር፣ የገዛ ሥራዬን ሠርቼ የማድር ሰው፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ዩቲዩብ በሚያዩ ሽማግሌ ትእዛዝ ከሱቅ በር ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሰውዬው በሕይወታቸው አንድ አውሬ አልገደሉም። በወጣትነታቸው አንድ ሰሞን ጠመንጃ ይዘው ነበር ይላሉ፤ የትና ለምን እንደያዙት ታሪኩ በየዓመቱ ይለዋወጣል። አደኑ የሚከፈተው አዲስ ዓመት በገባ በሳምንቱ ነው። ጠመንጃ ደግሞ ዛሬ ገዝተህ ነገ የምትተኩስበት ዕቃ አይደለም፤ ዒላማ ላይ ተለማምደህ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማስተካከል አለብህ። እኔ ግን ነሐሴ ገብቶ እጄ ላይ ከወሬ በቀር ምንም የለም።

በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት «ዛሬ ስሪ ኦ ኤይቱን እገዛለሁ፤ የሚመጣው ይምጣ» ብዬ ስነሳ ክቡርነታቸው አብሬህ ካልሄድኩ አሉ። ሄድን። ጢማሙ ሻጭ ጠመንጃውን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አጋደመው። ልከፍል ቦርሳዬን ሳወጣ ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ፣ ዌይት አድርግ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ተርጉምለት።»

እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል። አሳፋሪ ጥያቄ ሲሆን ግን ሁልጊዜ በእኔ አፍ ነው የሚያስጠይቁት።

«ኤልኩን ጥሎ ግን ወዲያው የማይገድል ጥይት የትኛው ነው በለው።»

«ምን?»

«ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰን በስመ አብ ብለን በቢላዋ ካልባረክነው ማን ይበላልሃል? ማኅበርተኛው ጥንብ ነው ብሎ ቢነሳብህስ? ስሪ ኦ ኤይት በጣም ይፈጥናል። ትንሽ የሚያቆይ ይስጠን።»

ሦስት ዓመት ሙሉ የአጋዘን ጥብስ ሳበላቸው ይህ ጥያቄ የት ነበር? አጥንቱን ሲግጡ አንድ ቀን «ተባርኳል ወይ?» ብለዋል? ይህን ልላቸው ስል ሻጩ ምን ፈልጋችሁ ነው በሚል ዓይን ያየኛል፤ ከኋላችን የተሰለፉ ሁለት ሰዎችም ወሬያቸውን አቁመው ጆሯቸውን አቁመዋል። ተረጎምኩ። ምን አማራጭ አለኝ? ሻጩ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና ለበሽተኛ እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ «ጌታዬ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቶሎ የሚገድለውን ነው» አለኝ። ለእኔ! ጥያቄው የእኔ ይመስል!

«እንግዲያው ሰቨን ኤም ኤም ኦ ኤይት ያሳየን» አሉ ጋሽ ሆርዶፋ፣ አሁን በገዛ እንግሊዝኛቸው።

ሻጩ አወጣው። ጋሽ ሆርዶፋ ጠመንጃውን ተቀብለው ሰደፉን ቀኝ ትከሻዬ ላይ አስደገፉና በመዳፋቸው አንዴ ሁለቴ ገፋ ገፋ አደረጉት። ዓይናቸው ጠመንጃው ላይ አልነበረም፤ ፊቴን ነበር የሚያዩት። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ከዚያ ሱቅ ቶሎ ለመውጣት ብቻ ያንኑ ገዛሁ።

መኪና ውስጥ ቁጣዬን ለቀቅኩባቸው። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምንም ነገር እንዳይመርጡልኝ! ምንም! ሦስት ጊዜ ነው ጥይት ያስቀየሩኝ! የሰው መሳቂያ አደረጉኝ!» አልኩ። ትልቅ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው መንገዱን እያዩ «ቀበቶህን እሰር» አሉኝ። ቤት ስደርስ ስለ ቡራኬው ነገር ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ይገኝ» አሉኝ።

ዒላማ ተኩስ ቦታ ሄጄ ሞከርኩት። ይገፋል እንጂ አይራገጥም። ሃያ ጥይት ተኩሼ ትከሻዬ ደህና ነው። ዓይኔም አልተጨፈነም። ለፋና «ጎበዝ መራጭ ነኝ» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት።

በመስከረም ወደ ስቴቱ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ካናዳ ድንበር አካባቢ ሄድን። «ሄድን» ያልኩት ጋሽ ሆርዶፋ ለመንዳት መጥተው ነው፤ ብቻህን ስድስት ሰዓት አትነዳም አሉ። ከመቀመጫቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢላዋ ነበር። ስለ ቡራኬው የጠየቁት ለማሳፈር ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ፤ ቢላዋው በደንብ ተስሏል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ ወንድ ኤልክ ከዛፎቹ ጥግ ወጣ። መቶ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሰደፉን አስደገፍኩ፤ ዓይኔን ገልጬ ቃታውን ሳብኩ። ኤልኩ አራት እርምጃ ተራምዶ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፊልም ያነሳው ሰው አለመኖሩ ይቆጨኛል። ጉልበቴን ያመኛል እያሉ የቤቴን ደረጃ ለመውጣት ሩብ ሰዓት የሚፈጅባቸው ክቡር ጋሽ ሆርዶፋ፣ ብርቱካናማ የአዳኝ ሰደርያቸው እስከ ጭናቸው ወርዶ፣ ቢላዋ ይዘው በጭቃው ላይ ሮጡ። ባይደርሱስ ብለው ነው መሰል፣ ገና መንገድ ላይ ሳሉ «በስመ አብ ወወልድ!» እያሉ ይጮሃሉ። እኔ ስደርስ ባርከው ጨርሰው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለከልካሉ።

«ደረሱ?» አልኳቸው።

«ደርሻለሁ።»

ሌላ አልጠየቅኩም። ትንፋሻቸው ሲመለስ ቢላዋውን በሣር እየጠረጉ «ትከሻህስ?» አሉኝ።

«የቱ ትከሻ?»

«ቀኙ ነዋ። አንተ ደህና ሰዎች ያሳደጉህ ልጅ ነህ። ቀኝህ ካልሞተ በቀር ሆርዶፋን በግራህ አታጎርስም። ታዲያ ያንን አይቼ ማግነም አሸክሜ ልግደልህ?»

በጣቶቼ ቆጠርኩ። ማግነም፣ ሰርቲ ኦት ሲክስ፣ ስሪ ኦ ኤይት፣ ሰቨን ኤም ኤም ኦ ኤይት። እያንዳንዱ ከፊተኛው ያነሰ ነው የሚራገጠው። ሰውዬው ከሰኔ ጀምሮ፣ ኩራቴ እንዳይሰበር፣ ለሚስቴም እንዳይሰማ፣ ሥጋ ያበላሻል፣ አርጅቷል፣ ይፈጥናል እያሉ አንድ አንድ ደረጃ ሲያወርዱኝ ከርመዋል። ስጮህባቸው እንኳን አልተናገሩም።

«ለምን በግልጽ አልነገሩኝም?»

«አንተስ መች ነገርከኝ?»

እውነቱን ልናገር፤ እዚያ ጭቃ ላይ ተቀምጠው ሳያቸው እኚህን ሰው አባቴን የምወድደውን ያህል ወደድኳቸው። ይህ ማለት ይቅር ብያቸዋለሁ ማለት አይደለም። በሩ ከውስጥ የማይከፈተው መኪና አሁንም አለኝ።

በጥቅምት ማኅበሩ እሳቸው ቤት ሆነ፤ ሥጋው ግን የእኔ ነው። ሐኪሙ ቀኝ ክንዴን አንገቴ ላይ በጨርቅ አንጠልጥሎታል። ሐኪሙን ማን እንደመረጠው አትጠይቁኝ። የኤልኩ ጥብስ ቀረበ። አንድ ጠቅልዬ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እያየ፣ ለጋሽ ሆርዶፋ በግራ እጄ ዘረጋሁ። አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉኝ።

አላመጡ። «ጨው አንሶታል» አሉ ጮክ ብለው። «ደግሞ ይሄ የጭኑ ነው፤ ለጥብስ የጀርባው ነው። እኔ የምልህን ስማ፤ በኋላ ሆርዶፋ...»

ሳይጨርሱ ሁለተኛውን ጠቅልዬ፣ በዚያው በግራ እጄ አጎረስኳቸው።