በሬዲዮ ወገብ ላይ የተንጠለጠልኩ ዕለት

እሑድ ቀትር ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ ጋደም ባልኩበት፣ ሕልም ታየኝ። በማግስቱ ጠዋት የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ለማግኘት ልፈተን ቀጠሮ ነበረኝ። ፈታኙ የክበባችን ሊቀመንበር ኢንጂነር ፍሥሐጽዮን ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። ፈቃድ የሌለው ሰው ይስማ እንጂ የመናገሪያውን ቁልፍ አይጫን ነው ሕጉ። እኔም ቁልፉን አቧራ ለመጥረግ እንኳ ፈርቼው ኖሬአለሁ። ነገ ከወደቅሁ ዕድሜዬን በሙሉ ጆሮ ብቻ ሆኜ መቅረቴ ነው እያልኩ ሳሰላስል እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ የፈተናው ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆሜአለሁ። ረጅም ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ግን ባለጉዳዮች አይደሉም፤ የቢሮው ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም ማኅተማቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ ፀሐይ እየጠበሳቸው፣ እኔን ይጠብቃሉ።

«ጌታዬ፣» አለኝ ፊተኛው፣ ክራቫቱ በላብ የራሰ ሰውዬ፤ «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ልፈርምልዎት። ከማክሰኞ ጀምሮ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።»

«ነገ ተመለስ» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

«ትናንትም ነገ ነው ያሉኝ!»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸዋ።»

«ኃላፊው እኮ እኔ ነኝ!» ብሎ አለቀሰ።

አንጀቴን በላው። ፊርማውን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ፣ አንድ ነገር ከኋላዬ ቀበቶዬን ይዞ ከመሬት አነሣኝ። ዞር ብዬ ባይ ሬዲዮ ነው። እንደማንኛውም የእጅ ሬዲዮ ነው፤ ቁመቱ ግን የስልክ እንጨት ያህላል። ወገቡ ላይ ባለው ማንጠልጠያ ቀጭ አድርጎ ሰካኝና መንገዱን ቀጠለ። አስፋልቱ በሬዲዮ ተሞልቷል። እያንዳንዱ በወገቡ አንድ አንድ ሰው አንጠልጥሏል። ደህና ኑሮ ያላቸው ሁለት ይይዛሉ፤ አንዱ መጠባበቂያ ነው። በአንድ ወፍራም ሬዲዮ ወገብ ላይ የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ደምመላሽ ሽርጡን እንደታጠቀ ተወዛወዘ።

«ውብሸት! አንተንም ገዙህ?»

«ኧረ እኔ ለፈተና ነው የመጣሁት።»

«እኔም ለፈተና ነበር፤ ይኸው ስምንት ዓመቴ። አይዞህ፣ ነፋሱ ጥሩ ነው።»

የእኔው ሬዲዮ የመለዋወጫ ሱቅ ገባና ባንኮኒ ላይ ዘረረኝ። ሻጯ ሮዝ ቀለም ያላት፣ ፊቷ ቁጥር በቁጥር የሆነ ሬዲዮ ናት። ጥርሴን ገልጣ አየችኝ።

«ስንት ቻናል ይይዛል?»

«መቶ ሃያ ስምንት ጣቢያ በቃሉ ይዟል» አላት ሬዲዮዬ እየኮራ። «የሚስቱን የልደት ቀን ግን አይዝም።»

«እሱ የዚህ ሞዴል ሁሉ ችግር ነው። ውኃ ይችላል?»

«ጠበል ይችላል። ካፊያ ከነካው ግን ያስነጥሰዋል።»

«ባትሪውስ?»

«በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ወዲያ ንግግሩ ይቆራረጣል። ሽሮ ላይ ሲሰኩት ወዲያው ይሞላል።»

ሻጯ አንገቴን በሁለት ጣቷ ለካች። «ይቺ አጭር አንቴና ከአጥር አታሻግርም» አለችና ሳብ አደረገችው። አንገቴ ከጣሪያው በላይ ወጣ። ከዚያ ላይ ሆኜ ሠራተኞቹ እንደተሰለፉ አየኋቸው፤ ኃላፊው አሁንም ያለቅሳል። ቀጥላ የቆዳ ልብስ አለበሰችኝ፤ ሆዴ ላይ፣ የማስበው ከውጭ እንዲታይ፣ የፕላስቲክ መስኮት አለው። በመጨረሻም ግራ ጆሮዬን ይዛ ጠመዘዘችው። ለካ የሬዲዮን የሽሽሽታ ድምፅ ማጥፊያው እሱ ኖሯል። ወደ ቀኝ ስታዞረው ዓለም ጸጥ አለ። ወደ ግራ ስታዞረው የከተማው ሰው ሐሳብ ሁሉ እንደ ክረምት ጎርፍ ገባብኝ፤ የእኔም ወደ ውጭ ፈሰሰ። ጨንቆኝ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ ነበርና ሱቁ ውስጥ ያሉት ሬዲዮዎች በሙሉ መብራታቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ።

«ጸሎት ላይ ነው፤ እስኪጨርስ ጠብቁት» አለች ሻጯ በሹክሹክታ። እግዜር ይስጣት፣ እስከ አሜን ድረስ ጠበቀችኝ።

አሜን እንዳልኩ ሱቁ የፈተና አዳራሽ ሆነ። ሦስት ሽማግሌ ሬዲዮዎች፣ አንቴናቸው የጎበጠ፣ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ኢንጂነር ፍሥሐጽዮን አውራ ጣት አክለው ጠረጴዛው ላይ የውኃ ብርጭቆ ተደግፈዋል።

«ፈተናው ቀላል ነው» አለ መካከለኛው ሽማግሌ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለህ፤ ከዚያ ዝም ትላለህ። ዝም ካልክ ፈቃዱ ያንተ ነው። ዝም ማለት ካቃተህ እስከ ዘለዓለሙ መጋዘን ትገባለህ።»

በልቤ ሳቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ያልኩ ሰው፣ ዝምታ ሊያቅተኝ ነው?

ሽማግሌው ጎኔ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነው። «ጤና ይስጥልኝ፤ ውብሸት እባላለሁ» አልኩ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያም ዝም ልል ስል ቁልፉ አልመለስ አለ። ተሰንቅሯል! አፌ ብቻውን ቀጠለ።

«የክበቡ ጸሐፊ ሲያወራ ቆሎ ይቆረጥማል! ከአዳማ በሬዲዮ የሚገባው ሰውዬ ሁልጊዜ ‹በአጭሩ› ብሎ ጀምሮ ሰዓት ይፈጃል! ኢንጂነር ፍሥሐጽዮን ደግሞ መብረቅ ዛፍ ሲመታ አየሁ የሚሉትን ታሪክ አርባ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ! መጀመሪያ ዛፉ ቁጥቋጦ ነበር፣ ቀጥሎ ግራር ሆነ፣ ዘንድሮ ዋርካ አህሏል! በሚቀጥለው ዓመት ጫካ ነው!»

«መጋዘን!» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ። ኢንጂነሩ ብርጭቆው ውስጥ ዘለው ገቡ። እኔ ሁለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ በጣቶቼ መካከል እጮሃለሁ፤ «ግራር ነው! እምላለሁ፣ ግራር ነበር!»

«አንተ ሰውዬ! የምን ግራር ነው?»

ባለቤቴ አልጋነሽ ትከሻዬን ይዛ ትንጠኛለች። ነቃሁ። ጎኔን አንድ ጠንካራ ነገር ወግቶኛል። እጄን ሰድጄ ሳወጣው ክበቡ ለመስማት ብቻ ያዋሰኝ ሬዲዮ ነው። የመናገሪያው ቁልፍ በጎድን አጥንቴ ሥር ተጨፍልቆ፣ ቀዩ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። የክበቡ አባላት በሙሉ በየሳምንቱ በሬዲዮ የሚገናኙበት ሰዓት ነው።

«ከማን ጋር ነው እንደዚያ የተሰዳደብከው?» አለች አልጋነሽ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት የተሰነቀረውን ቁልፍ በጥፍሬ ፈልቅቄ ለቀቅሁት። መብራቱ ጠፋ። አንድ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም ሰማሁ፤ ወዲያው አቆመ። ከዚያ የኢንጂነር ፍሥሐጽዮን ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

«አቶ ውብሸት፣ አርባ ደቂቃ ሰማንዎት። ድምፅዎ ግልጽ ነው። ማንኮራፋትዎም ግልጽ ነበር። ዛፉ ግን ዋርካ ነው።» ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥፋት ፈቃድ ያስነጥቃል። ችግሩ፣ እርስዎ የሚነጠቅ ፈቃድ የለዎትም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይምጡና መጀመሪያ እንሰጥዎታለን።»