ሁለተኛዋ ዓይን

ሰው ሥራውን ለሰው ሳያሳይ አያርፍም፤ ካሳየ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ያጣል። "እስቲ እይልኝ" ብሎ የሚለምን ሁሉ የሚጠብቀው አንድ መልስ ነው፤ "ግሩም ነው" የሚለውን። ሌላ መልስ ከመጣ መካሪው ምቀኛ ነው። እናንተስ እንዲህ አይደላችሁም? እኔ ነኝ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል፤ ሃምሳ ሰው አንዲቷን ሎሚ ተቀባብሎ ሲጨምቃት ምን እንደምትሆን ግን የነገረን የለም።

ከተማው ገና እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን ነው። አዲስ ለሚታነጽ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ተሰብስበን በአቡጀዲ ላይ ስንሥል ከረምን፤ ሥዕሉ ኋላ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። አለቃችን ግን ከመለጠፉ በፊት በበዓል ቀን ድንኳን ውስጥ ተሰቅሎ ሕዝቡ ይየው አሉ። እኔን ጠሩና "ለድንኳኑ ደጃፍ ምልክት ሥራ፤ ከየካም ከቀበናም የሚወጣው ሰው እሱን አይቶ ይግባ። ሰዉ ከገባልኝ የምዕራቡ ግድግዳ ያንተ ነው" አሉኝ። የምዕራቡ ግድግዳ ማለት ምእመኑ በበሩ ሲዘልቅ ፊት ለፊት የሚያገኘው ነው። እሱን ያልተመኘ ሠዓሊ ካለ የሚያቦካው ጭቃ እንጂ ቀለም አይደለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ መቀመጫዬ እሾህ ሆነብኝ።

በሦስት ቀን ጨረስኩት። አንድ ሠዓሊ ብሩሹን በሁለት ጣቱ ይዞ፥ ፊቱን ወደ ሥራው አዙሯል። በቃ። መልኩን በቀበና ውኃ ያየሁትን የራሴን መልክ አደረግሁት፤ የሌላ ሰው ብሥል ማን ፈቀደልህ ይለኛል። ቢሆንም ልቤ አላርፍ አለ። ተነሥቼ አየዋለሁ፤ እቀመጣለሁ፤ ደግሞ እነሣለሁ።

ቆዳ ፍቆ ብራና የሚያወጣልን የየካው ባልንጀራዬ ቱፋ ቀድሞ አየው። "ይሄማ አንተ ነህ!" ብሎ ሳቀ። "ምነው ግን ጢም ነፈግኸው? ጢም የሌለውን ሠዓሊ ማን ያምናል?" ጢም ጨመርኩ።

ቀጥሎ የሥዕል መምህራችን መሪጌታ ክፍሌ መጡ።

"ሌላው ዓይኑ የታለ?"

"ወደ ሥራው ዞሮ ነው፥ የኔታ።"

"በጎን የሚሣል ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው! ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል። ከደጃፋችን ላይ ይሁዳን ልትሰቅል ነው?"

እውነታቸውን ነው፤ የሙያችን ሕግ ነው። እኔ ምልክት እንጂ ሥዕል አይደለም ብዬ ነበር። ፊቱን ወደ ተመልካቹ መለስኩና ሁለተኛዋን ዓይን ጨመርኩ።

ቱፋ ተመልሶ አየና "ሥራውን ካላየ ብሩሹ ምን ይሠራለታል?" አለኝ። ብሩሹን አጠፋሁት፤ ሁለቱ ጣቶች ብቻ ቀና ብለው ቀሩ። የቀድሞው አፍንጫ ርዝራዥ ደግሞ በጎን በኩል ብቅ እያለ አስቸገረኝ። እሱን ለመሸፈን በራሱ ዙሪያ ቢጫ ቀለም ቀባሁ።

ምን እንደ ሣልኩ እናንተ አውቃችኋል። እኔ ግን አላወቅሁም፤ ሲበጅ የከረመን ነገር የሚያበጀው ሰው አያየውም።

በበዓሉ ጠዋት ሰዉ ዳገቱን ይወጣ ጀመር። መቆም አቅቶኝ በድንኳኑ ዙሪያ እዞራለሁ። አንድ ሽማግሌ ምልክቱን ሲያዩ ነጠላቸውን አጣፉ፥ እጅ ነሡ፥ የድንኳኑን ምሰሶ ሳሙ፥ ወደ ቤታቸው ወረዱ። ተከታዩም እንዲሁ። ከሱ ኋላ የመጣው ቤተሰብም እንዲሁ። "ውስጥ ግቡ እንጂ፥ ሥዕሉ ውስጥ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። አንዱ ጎልማሳ "ተሳልመናል፥ ወንድሜ፤ ይበቃናል" ብሎኝ ሄደ።

ቀትር ላይ አለቃችን መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ዝንብ ብቻ ነበር። ምልክቱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ መልሰው ምልክቱን አዩ። "የምዕራቡን ግድግዳ መሪጌታ ክፍሌ ይሠሩታል። አንተ ይህን ጉድህን አውርድልኝ" አሉኝ። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ እኔ ዓይን ጨምሬ ጠፋሁ። ሳልደብቅ ልንገራችሁ፥ ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ዓይኔን ጠርጌ ላወርደው ስመለስ አንዲት ሴት ከሥሩ ተንበርክካለች። ያዘለችው ሕፃን እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሷል። "አባቴ፥ ሦስት ቀን አልጠባልኝም" ትለዋለች፤ "እሱን ከወሰድክብኝ ሌላ የለኝም።" የምትለምነው የኔን ፊት ነው። እኔ ደግሞ ያው ፊት ይዤ ከአጠገቧ ቆሜአለሁ፤ እጄ ወደ ገመዱ ተዘርግቷል።

ቀና ብላ አየችኝ። አላወቀችኝም።

"አንተ ሰውዬ፥ እባክህ ዘወር በልልኝ" አለች፤ "ጋረድከኝ።"

ዘወር አልኩላት።