የወፈረው ጭንቅላቴ አይደለም

ውፍረት ለመቀነስ የተነሳ ሰው ሁሉ አንድ ቀጭን መካሪ አለው። ፈልጎ አያመጣውም፤ መካሪው ራሱ ይመጣል። ቢበላም ባይበላም ቀበቶው ከአንድ ቀዳዳ ወደ ሌላ ተዛውሮ የማያውቅ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ የማይቆራረጥ፣ ስለ ቁርጠኝነት ግን ሲናገር የሚውል ሰው ነው። የሮቤዋ ሰቢሪና ከእንዲህ ዓይነቱ ፍጡር ጋር በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ተካፍላ ትሠራለች።

ስማቸው ጋሽ ተክለማርያም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ፣ ከመደርደሪያውና ከግድግዳው መሃል በጎን ሳይሆን ፊት ለፊት የሚያልፉ ብቸኛው ሠራተኛ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ግንቦት ላይ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሰቢሪናን ደም መርምራ፣ «ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ደርሷል። ከቀነስሽ ያለ መድኃኒት ሊስተካከል ይችላል፤ ካልሆነ ግን ነሐሴ ላይ ኪኒን እንጀምርልሻለን» አለቻት። ሰቢሪና ደነገጠች። እናቷ በዚሁ በሽታ እግራቸውን ሲቆረጡ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ገና አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ጥፋቷ ጭንቀቷን ለጋሽ ተክለማርያም መንገሯ ነው።

«ሁሉም ጭንቅላት ውስጥ ነው!» አሉ ግንባራቸውን በእስክሪብቶ መታ መታ እያደረጉ። «ውፍረት የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው። አእምሮሽ ቀጭን ነኝ ብሎ ካመነ፣ ሰውነትሽ ምን ምርጫ አለው?»

የወፈረው ጭንቅላቴ አይደለም ልትላቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። በዕድሜ አባቷ ይሆናሉና ዋጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡርነታቸው ያለ ሹመት ደብዳቤ የሰቢሪና ሆድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሻይ የምታቀርበዋን ሴት ጠርተው «ለእሷ ስኳር እንዳትጨምሪ» አሉ። መልካም፤ ግን ይህን ያሉት ባለጉዳይ በር ድረስ ተሰልፎ ሳለ ነው። ሳምቡሳ የያዘ ሰው በኮሪደሩ ካለፈ «ሰቢሪና፣ ዓይንሽን ወደ ፋይሉ!» ይላሉ። ፋይሉ ጠፍቶበት ለአራተኛ ጊዜ የተመላለሰ ገበሬ ሳይቀር የራሱን ችግር ረስቶ «አይዞሽ እህቴ፣ ትችያለሽ» ብሏት ሄደ።

ክብደቷን የለኩበትን መንገድ ደግሞ ሰምቶ የሚፈርድ ይፍረድ። ከተማው የሰው ሚዛን አላጣም። ጋሽ ተክለማርያም ግን «የፋርማሲው ሚዛን ያዳላል» ብለው ከሲናና ገጠር የመጣ ስንዴ ወደሚራገፍበት ወደ እህል ነጋዴው ወዚር መጋዘን ወሰዷትና የኩንታል ሚዛን ላይ አቆሟት። «ሰማንያ ዘጠኝ!» ብለው ጮኹ። ወዚር ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ የኖረውን ነው ያደረገው፤ ከሚጽፍበት ቀና ሳይል «የጆንያው ተቀንሷል?» ብሎ ጠየቀ። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ወደቁ።

ሰቢሪና ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና የቀረበላትን እራት ግማሹን በልታ ተነሳች፤ ጋሽ ተክለማርያምን ለማስደሰት ሳይሆን ለማሳፈር። ተነሳሽነት የሚሉት ነገር ለሌላው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ለእሷ የመጣው ከንዴት ነው። ዳቦ ባየች ቁጥር ያ እስክሪብቶ ግንባር ላይ ሲንኳኳ ይሰማታል፣ ደሟ ይፈላል፣ ዳቦውም ይቀራል።

«ያወፈረሽ ባጃጅ ነው» ብለው ደግሞ ጋሽ ተክለማርያም የእግር ጉዞ አስጀመሯት። ክረምቱ ገብቶ ሮቤ ጭቃ በጭቃ ስትሆን እንኳ ጠዋት ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው ደጇ ላይ ይቆማሉ። አርባ ደቂቃ መንገድ፣ አርባ ደቂቃ ንግግር። ባጃጅ ነጂው ጉቱ «ጋሼ፣ ደንበኛዬን ነጠቁኝ እኮ!» ሲላቸው አይሰሙትም። ሰቢሪና ከንግግሩ ለማምለጥ ስትል ፈጠን ፈጠን እያለች ትራመዳለች፤ እሳቸውም በዚያ በሸንበቆ እግራቸው ይደርሱባታል። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንዲዛወሩ ዱዓ ያደረገችበት ቀን አለ።

ሐምሌ ላይ ቀሚሷ ሰፋ። ይኼኔ ሌላ ጣጣ መጣ። እዚህ አገር የወፈረ «ተመችቶሻል» ይባላል፤ የከሳ ግን ይመረመራል። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሱቁ ሁሉ «ሰቢሪና፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው?» ይላት ጀመር። ከፊሉ ባሏ ሁለተኛ ሊያገባ ነው አለ፤ ከፊሉ ክፉ በሽታ ይዟታል አለ። ወሬው ሲናና ሲደርስ ሰቢሪና አልጋ ይዛለች ተብሎ ነበር።

ምርመራው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በምሳ ሰዓት፣ የአባቷ እህት አዳዳ ሩቂያ የመዝገብ ቤቱን በር ከፍተው ገቡ። ጫማቸው ጭቃ ለብሷል። ታቅፈው ያመጡት ከእንጨት የተፈለፈለ ቆሪ ሙሉ ጭኮ ነው፤ ከአዲሱ የበልግ ገብስ የተሠራ፣ ቅቤው አናቱ ላይ የቆመ።

«የወንድሜ ልጅ አለቀች!» አሉ ጉንጯን እየዳሰሱ። «ሁቀቴ! ከሳሽ እኮ! ቆዳ ብቻ ቀረሽ!»

«አዳዳ፣ ወላሂ ደህና ነኝ። ሆን ብዬ ነው የከሳሁት።»

«ሆን ብሎ የሚከሳ ሰው የት አለ?» እንባቸው መጣ። «ኛዱ! ብዪ! ባዶ ቆሪ ሳልይዝ ከዚህ አልነሳም።»

ሰቢሪና ማንኪያውን ተቀበለች። አክስቷ ለእሷ ብለው ያን ሁሉ ጭቃ ረግጠው መጥተዋል፤ እንቢ ማለት አልሆነላትም። ሽታው ሦስት ወር ያልበላችውን ሁሉ አስታወሳት። አንድ ጊዜ ከቀመሰች ቆሪውን ሳትጨርስ እንደማታቆም፣ ነገም ሌላ እንደምትፈልግ ራሷን ታውቃለች። 

ጋሽ ተክለማርያም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠዋል። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይህን ጾም አንድ ቀን አፍርሰው አያውቁም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ሰቢሪና የጠበቀችው ስብከት ነበር። እሳቸው ግን እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ተነሱ።

«እናቴ፣ ዕድሜ ልኬን ሮቤ ኖሬ እንዲህ ያለ ጭኮ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ለእኔስ የለኝም?»

አዳዳ ሩቂያ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። «ያ ረቢ!» አሉ ደንግጠው። «እኚህማ ከእሷም ብሰዋል!» ማንኪያውን ከሰቢሪና እጅ ነጥቀው ቆሪውን ወደሳቸው ገፉት።

ጋሽ ተክለማርያም አማተቡና በሉ። ቅቤው ጢማቸው ላይ እየቀለጠ፣ አንገታቸውን ደፍተው እስከ ታችኛው እንጨት ድረስ በሉ። አዳዳ ሩቂያ መርቀዋቸው፣ ባዶ ቆሪያቸውን ይዘው በደስታ ሄዱ።

«ጋሼ፣ ጾም ላይ አልነበሩም እንዴ?» አለች ሰቢሪና ቀስ ብላ።

«ንስሐ አባቴ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። አንቺ ፋይልሽን ሥሪ» አሉ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። ሰቢሪና በልማዷ ልትናደድባቸው ሞከረች፤ አልመጣላትም።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች። ስኳሯ ወርዷል፤ ኪኒን አያስፈልግም፣ ክትትሉ ግን ይቀጥላል። አዲስ ካርድ አውጥታ መሙላት ጀመረች።

«ተጠሪ ማን ልበል? ባለቤትሽን?»

«እሱ ሹፌር ነው፣ ስልክ አያነሳም። ተክለማርያም ብለሽ ጻፊ።»

ነርሷ የጻፈችውን ስም ከላይ ካለው ከሰቢሪና አብዱልፈታሕ ጋር አስተያይታ ቀና አለች። «ምንሽ ናቸው?»

ሰቢሪና ልታስረዳ አፏን ከፈተች። ሦስት ወር የተናደደችበት ሁሉ አንድ ላይ መጣባትና «ያናድዱኛል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላገኘችም፤ እሱንም ስትል እንባዋ ቀደማት። ነርሷ ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ «አባት» ብላ ጻፈች።