ለማነጻጸሪያ የተያዘው ሰው

(ኬፕ ኮስት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ባሕር ዳር። ፊፊ የነሐስ ባንዱ አንደኛ ትራምፔት ነፊ ነው፤ እሱን ካመናችሁት የማያውቀው ነገር የለም። ኤኮው ሁለተኛ ነፊ ነው፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። ሁለቱም ሲጋራ ለማስተው በስልክ መልእክት የሚልክ ጥናት ውስጥ ተመዝግበዋል። ፊፊ የተለኮሰ ሲጋራ ለኤኮው ዘርግቶ ቆሟል።)

ፊፊ፦ አጭስ አልኩህ!

ኤኮው፦ አላጨስም!

ፊፊ፦ አንዴ ሳብ አድርግ፤ ለሳይንስ ስትል!

ኤኮው፦ ሳይንስ ራሱ ያጭስ! እኔ ከተውኩ አምስት ሳምንቴ ነው።

ፊፊ፦ እኮ ማን ተው አለህ? አንተ ለማነጻጸሪያ የተያዝክ ሰው ነህ!

ኤኮው፦ እሱ ደግሞ ምንድን ነው?

ፊፊ፦ ስማ፣ ላስረዳህ። (ደረቱን ነፋ። ፊፊ ማስረዳት ሲጀምር ማዕበሉም ዝም ቢልለት ደስ ይለዋል።) ጥናቱን የምትመራው ነርስ፣ ሲስተር አራባ፣ ሁለት ቡድን አደረገችን። ለእኔ ቡድን በቀን ሦስት ጊዜ ምክር ይላካል። ላንተ ቡድን በሁለት ሳምንት አንዴ «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» ብቻ።

ኤኮው፦ መልእክቷን እንዴት እንደምወዳት! ሁሌ እመልስላታለሁ። «እኔም አመሰግናለሁ፣ እናትሽስ ደህና ናቸው?» እላታለሁ።

ፊፊ፦ የሚልከው ኮምፒውተር እኮ ነው!

ኤኮው፦ ቢሆንስ? ሰላምታ የሚጠላ አለ?

ፊፊ፦ ወይ ጣጣ! ምክር የሚደርሰን እኛ ስንተው፣ የማይደርሳችሁ እናንተ ስታጨሱ፣ ያኔ ነው «ስልክ ይጠቅማል» ለማለት ማስረጃ የሚገኘው። አንተ ያለ ምክር ከተውክ ጥናቱ ገደል ገባ!

ኤኮው፦ (ክው አለ) ውይ! አበላሸሁባት?

ፊፊ፦ ድብን አድርገህ!

ኤኮው፦ (እጁን ወደ ሲጋራው ሰደድ አድርጎ መለሰው) ቆይ ቆይ። ሲስተር አራባ ዛሬ የትንፋሽ መለኪያ ይዛ ትመጣለች። አለቃችን ፓፓ ኩዋንሳ ደግሞ ትንፋሹ ንጹሕ የሆነ ብቻ ነው ቅዳሜ ለበዓሉ ከፊት ቆሞ የሚነፋው ብለዋል።

ፊፊ፦ ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ! እናቴ ከአክራ ድረስ የመጣችው ለዚሁ ነው። አዲስ ቀሚስ ሁሉ አሰፍታለች!

ኤኮው፦ ታዲያ ትተሃል?

ፊፊ፦ በስልክ ትቻለሁ።

ኤኮው፦ በስልክ?

ፊፊ፦ «ዛሬ አጭሰዋል?» ሲሉኝ «በፍጹም» ብዬ እጽፋለሁ። (ጭሱን ቡልቅ አደረገ) ባንድ እጅ መጻፉ ነው የሚያስቸግረው። ይልቅ አንተ ያለ ምክር እንዴት ተውክ?

ኤኮው፦ ማን ነው ያለ ምክር? አንተ እየመከርከኝ!

ፊፊ፦ እኔ?

ኤኮው፦ በቀን ሦስት ጊዜ! እዚሁ ቆመህ እያጨስክ፣ የመጣልህን ከስልክህ እያነበብክ «ኤኮው፣ ይቺን ስማ! ሲያምርህ ዝንጅብል አኝክ፣ ሃሃሃ!» ትለኛለህ። አኘክሁ። «ሲጨንቅህ ባሕር ዳር ሄደህ በረጅሙ ተንፍስ፣ ሃሃሃ!» አልከኝ። ሄጄ ተነፈስኩ። ሃሃሃውንም አላስቀረሁም፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ዞረው እስኪያዩኝ!

ፊፊ፦ እያሾፍኩ እኮ ነበር!

ኤኮው፦ እኔ ምን አውቄ? ትናንት ሲስተር አራባ ደውላ «ማን ረዳህ?» ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት።

ፊፊ፦ ሁሉንም? ሲጋራዬንም?

ኤኮው፦ እሱን አስቀድሜ! «ራሱ እያጨሰ ለእኔ መጨነቁ አስለቀሰኝ» አልኳት። ፓፓ ኩዋንሳም ከጎኗ ሆነው ሲሰሙ በጣም ተደነቁ፤ «ፊፊ? ፊፊ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጮኹ።

ፊፊ፦ (ሲጋራው ከእጁ ወደቀ) አለቀልኝ! እናቴን ምን ልበላት?

ኤኮው፦ አይዞህ፣ ለእሳቸው እኔ እነፋላቸዋለሁ። ጥናቱም አልተበላሸም እኮ! ምክሩን የሰማሁት እኔ፣ የተውኩትም እኔ። ያልሰማኸው አንተ፣ የምታጨሰውም አንተ። (በጣቱ ቆጥሮ ሲጨርስ ፊቱ በደስታ በራ) ፊፊ! ለማነጻጸሪያ የተያዝከውማ አንተ ነህ!