አገረ ገዥው ያደረበት ቤት

ወንዝ ያላት ከተማ ታኮራለች። የእኛዋ ሀርጌሳም ወንዝ አላት፤ ችግሩ፣ ወንዙ ብቅ የሚለው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ አሸዋውን ትቶልን ይጠፋል። እኛም በደረቁ አሸዋ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለስን «ቤቴ ከወንዙ ማዶ ነው» እንባባላለን፤ ማንም አይስቅም። ታሪካችንም እንደዚሁ ነው። ከተማዋን ጦርነት ስላፈራረሳት አሮጌ ቤት ብርቅ ነው። ከተረፉት ጥቂት የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ግን የእንግሊዙ አገረ ገዥ ያላደረበት የለም ይባላል። ሰውየው አንድ ቦታ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር መሰለኝ።

እኔና ባለቤቴ ዘይነባ ከድሬዳዋ መጥተን፣ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር አንዱን የድንጋይ ቤት ተከራይተን ልብስ እንሰፋለን። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ በሩ ደግሞ ግመል ከነጭነቱ የሚያስገባ ነው። አከራያችን ሐጂ ጃማ ያደጉት እዚሁ ነው። ልጃቸው ከውጭ አገር ተመልሶ «ይፍረስና ባለመስታወት ፎቅ ይሠራበት» ካለ ወዲህ አዛውንቱ ምግብ አልበላ ብሏቸዋል። እኛንም ሐሳብ ገብቶናል፤ በዚህ ፀሐይ እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ቤት ከየት ይገኛል?

አንድ ቀን ሐጂ ፊታቸው በርቶ መጡ። የድሮ ቤቶችን የሚያጠኑ ሰዎች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ነው፤ ልጃቸውም «ታሪክ እንዳለው ከመሰከሩለት አላፈርሰውም» ብሏል።

«አገረ ገዥው እዚህ ያድር እንደነበር እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።

«እውነት ያድር ነበር እንዴ?»

«ኢንሻአላህ» አሉ።

አጥኚዎቹ የመጡ ዕለት ሐጂ ከገበያ የገዙትን ባርኔጣ ግድግዳው ላይ ሰቅለው፣ የእኛን አልጋ የአገረ ገዥው አልጋ ነው ብለው አስጎበኙ። አልጋውን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ነገር በሰላም ሊያልቅ ሲል ጎረቤታችን ኤዶ ሃሊማ በትራቸውን ይዘው ገቡ። ኤዶ እዚህ አገር አክስት እንደ ማለት ነው፤ እኚህ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ አክስት ናቸው።

«የምን አልጋ?» አሉ። «እንግሊዙ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። ይሄ የበቅሎው ቤት ነው። ውኃ የሚያጠጣው አባቴ ነበር፤ ማሰሪያውም ይኸው።» በበትራቸው ግድግዳው ላይ የተቀበረውን የብረት ቀለበት ነካ ነካ አደረጉት። ዘይነባ የልብስ ማስጫ ገመድ የምታስርበት ነው።

ሐጂ ጃማ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በልቤ ዕቃ መሸከፍ ጀመርኩ።

የአጥኚዎቹ መሪ፣ መነጽር ያደረገች ወጣት፣ ቀለበቱን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ቀና አለች። «እስካሁን አገረ ገዥው ያላደረበት ቤት አላጋጠመንም» አለች። «በቅሎው ያደረበት ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።» ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ የሙሽራ ነበር።

ቤቱ ተረፈ። ልጅየው ቅር እያለውም ቢሆን ቃሉን ጠበቀ። ሐጂም ባርኔጣውን አውርደው፣ አሁን ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ያ በቅሎ እንዴት ያለ ጨዋ እንደነበር ይተርካሉ። ጎብኚም አላጣንም፤ ካሜራውን አንግቶ ሰተት ብሎ ይገባና «በቅሎው የሚተኛው በየት በኩል ነበር?» ይላል። ዘይነባ ከስፌቷ ቀና ሳትል በጣቷ የአልጋውን ቀኝ ጎን ታሳያለች።

እኔ የምተኛበት ነው። ፎቶ ያነሱታል።