የንጉሤ ስኳርና የእኔ ስኳር

ሰው ሀብቱን ሲደብቅ ይገባችኋል፤ በሽታውን የሚደብቀው ግን ለምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። በሰቆጣ ታመመ የተባለ ሰው ገና ቆሞ እየሄደ ከንፈር ይመጠጥለታል። ስለዚህ ስኳር እንዳለብኝ ሲነገረኝ ነገሩን ከባለቤቴ አላሳለፍኩም። ልጄ ከደሴ በሾፌር እጅ የላከልኝን የስኳር መለኪያ የምጠቀመው በር ዘግቼ ነው። ጣቴን እወጋለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ መልሼ እደብቃታለሁ። መለኪያዋ ወሬ አታውቅም።

የጎረቤቴ የንጉሤ መለኪያም ወሬ አታውቅም፤ ወሬኛው ራሱ ንጉሤ ነው። እሱም ስኳር አለበት። ቤይሩት የምትሠራው ልጁ መለኪያና ሞባይል ላከችለትና በየጠዋቱ እየደወለች ቁጥሩን ትጠይቀዋለች። ያኔ ሞባይል ሰቆጣ ከገባ ብዙም አልሆነው፤ በእኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። ንጉሤ ሰው ኪዳን አድርሶ በሚመለስበት ሰዓት እዚያ ይወጣል። ወጉን በኽምጥኛ ሲያወራ ይቆይና ቁጥሩን በአማርኛ ይጮኻል፤ «መቶ ዘጠና!» ሁለቱንም የማይሰማ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም።

ሲያፍር ለማየት ጠበቅሁ። ምን ሆነ መሰላችሁ? አገር ምድሩ ሐኪሙ ሆኖ አረፈው። «ንጉሤ ዛሬ ወርዶለታል» ይባባላሉ። በሚካኤል ማኅበራችን ጠላ ሲቀዳ እሱን አልፈው ንጹሕ ውሃ ያቀርቡለታል። እኔ «ሆዴን ትንሽ ያመኛል» ብዬ ጠላውን ብመልስ፣ የባለተራዋ ልጅ አዝና የዋግን ነጭ ማር በጥብጣ ብርዝ አመጣችልኝ።

«ለሆድ ጥሩ ነው መምህር፤ ይጨርሱት።»

ጨረስኩት። በማግስቱ መለኪያዋ ያሳየችኝን ለእናንተም አልናገርም።

ቀናሁ። ውሃው አይደለም ያስቀናኝ፤ በየጠዋቱ «ስንት ሆነ?» የሚለው ሰው ማግኘቱ ነው። የእኔ ልጅ መለኪያዋን ከላከ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ምስጢሬን አስከብሬ ብቻዬን ቀረሁ፤ ንጉሤ ምስጢሩን በትኖ አገሩን በሙሉ አተረፈ።

አንድ ጠዋት ሞባይል ተውሼ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ልጄ አላነሳም። ሰዉ ግን ከኪዳን እየወጣ ነው። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ጮኽሁ፤ «ሁለት መቶ ስልሳ!» ንጉሤን መብለጤ ደግሞ ደስ አሰኘኝ።

በተከታዩ ማኅበር ውሃዬን እየጠበቅሁ ተቀመጥኩ። የመጣልኝ ብርዝ ነው። «መምህር በንጉሤ ቀንተው ነው እንጂ ምን ስኳር አለባቸው፤ ያን ጊዜ ብርዙን ጭልጥ አድርገውት የለ!» ሲባል መክረሙን ለካ ባለቤቴ ሰምታ ደብቃኛለች።

አጠገቤ የተቀመጠው ንጉሤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እኔ አምኜሃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ዛሬስ ስንት ሆነ?»

ከልጄ አፍ ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ከሰው ሁሉ መርጦ ከንጉሤ አፍ ይውጣ?

«እኔ ምን ስኳር አለብኝ?» አልኩትና እያየኝ ብርዙን ጠጣሁት።