የኦቦ ጉርሜሳ ቅንድብ በግምገማ ፊት

የመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ሲጻፍ፣ መቼም አንድ ቀን ይጻፋል፣ የኃላፊያችን የኦቦ ጉርሜሳ ቅንድብ አንድ ምዕራፍ ይገባዋል። እኔ ረቢያ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ የወጣሁ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ግን ግምገማ ላይ ማንም አይቅር ስለተባለ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩን የጀመረው ምክትላቸው ደጀኔ ነው። እጁን አውጥቶ፣ «የኃላፊያችን ቅንድብ ዓይናቸው ላይ ወርዷል። ይህ የተነሳሽነት ማነስ ነው» አለ። ትልቅ ግኝት ነው። ሰውየው ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የባሌም ብርድ አለ፤ ዕድሜና ብርድ ግን አይገመገሙም። በሩብ ዓመት ውስጥ ቅንድባቸውን እንዲያሻሽሉ፣ ካልሆነ ወንበሩን እንዲለቁ ተወሰነ።

ኦቦ ጉርሜሳ ውሳኔ አክባሪ ናቸው። መጀመሪያ እኔን ጠርተው ከቅንድባቸው እስከ ፀጉራቸው ፕላስተር አስለጠፉኝና ቆብ ደፉበት። ደረጃ ሲወጡ ላብ ላጠው። ቀጥሎ ሮቤ ገበያ አጠገብ ፀጉር የምትሠራው ሰቢሪና የታችኛውን ፀጉር በክር ነቅላ፣ ከፍ አድርጋ በኩል እርሳስ ሣለችላቸው። ጎባ ለስብሰባ ሲሄዱ ዝናብ አጠበው። በመጨረሻ «ለልምድ ልውውጥ» አዲስ አበባ ሄደው የውበት ሐኪም ዘንድ በመርፌ አስነሥተው መጡ።

«አዴ ረቢያ፣ እንዴት ነው?»

«ወላሂ ተነሥቷል። ብቻ የደነገጡ ይመስላሉ።»

«አልደነገጥኩም።»

«እኔማ አውቃለሁ።»

ሩብ ዓመቱ ደረሰ፤ ገምጋሚው ከላይ መጣ። ደጀኔ ሪፖርቱን አነበበ፤ «ከእቅዱ መቶ ሰባት በመቶ ተከናውኗል።» አዳራሹ አጨበጨበ። የኦቦ ጉርሜሳ ቅንድብ ግን ግንባራቸው ላይ ተሰቅሏል።

«ምን አስገረመዎት?» አለ ገምጋሚው።

«ምንም።»

«መቶ ሰባቱን አላመኑም?»

«አምኜዋለሁ።»

«እንግዲያው ቅንድብዎን ያውርዱ።»

ሞከሩ። ጆሯቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ቅንድቡ ንቅንቅ አላለም። መርፌ ነው እንዳይሉ፣ የሄዱት ለልምድ ልውውጥ ነው። ልትኳል ዓይኗን አጠፋች ማለት ይሄው ነው፤ ሪፖርትን በቅንድብ በመጠራጠር ከኃላፊነት ተነሡ።

ደጀኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የዓመቱን ሪፖርት ራሱ ጽፎ፣ ሊያነብ ሲል ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«አዴ ረቢያ፣ ያ ፕላስተር ተርፏል?»

«አለ። ያንተ ቅንድብ ደህና ነው፤ ምኑን ላንሣው?»

«ለማንሣት አይደለም» አለኝ። «ቁጥሩ ጋ ስደርስ እንዳይነሣብኝ ወደ ታች ይለጥፉልኝ።»